የተተኮሰ ቀለህ ለምን ዳግም ጥይት አይሆንም?

ጥይት በተወደደ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል። ቀለሁ መሬት ላይ ወድቆ ይቀራል፣ ሲያዩት ደህና ዕቃ ነው፣ ታዲያ ባሩድ ጨምሮ እርሳስ ሰክቶ እንደገና መተኮስ ለምን አይቻልም? ጎንደር ከተማ ውስጥም፣ ከደምቢያም፣ ከወገራም፣ ከአርማጭሆም የመጡ ሰዎች ይህን ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ማታ ማታ ቤታቸው ቁጭ ብለው በእጅ መሣሪያ ጥይት ይሞላሉ። እነሱ ዘንድ የተፈቀደም የተለመደም ነገር ነው። አንዱ ወጪ ለመቀነስ፣ ሌላው ደግሞ ለራሱ ጠመንጃ የሚስማማ ጥይት ለማግኘት ያደርገዋል።

እኛ ዘንድ ግን አይሆንም። ለምን እንደማይሆን በደንብ ላስረዳ። እንዴት እንደሚሞላ የሚፈልግ ሰው እዚህ አያገኘውም። የምጽፈው አንድ ገበሬ ወይም አንድ ጎረምሳ “ትንሽ ላትርፍ” ብሎ ዓይኑን ወይም እጁን እንዳያጣ ነው።

መጀመሪያ ጥይት ምን እንደሆነች እንይ። አራት ነገር ናት። ቀለህ አለ፣ ውስጡ ባሩድ አለ፣ ከፊት የምትወጣው አረር አለች፣ ከቀለሁ ቂጥ መሃል ደግሞ አንዲት ትንሽ ክብ ቆብ ተሰክታለች። ምላጩ ሲሳብ መምቻው ቆቧን ይመታታል። ቆቧ ውስጥ ያለው ቅመም ሲመታ የሚፈነዳ ነው። ብልጭታው በጠባብ ቀዳዳ ወደ ባሩዱ ይገባል፣ ባሩዱ ይቀጣጠላል፣ ጋዝ ይሆናል፣ ጋዙ መሄጃ ሲያጣ አረሯን ገፍቶ በአፈሙዙ ያስወጣታል። ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ሁሉም ነገር አልቋል።

ብዙ ሰው ሙሉ ሐሳቡን የሚጥለው ባሩዱ ላይ ነው። ዋናው ጉዳይ ግን ግፊት ነው። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ2 እስከ 3 አትሞስፌር ቢሆን ነው፤ ያም ሆኖ ጎማ ሲፈነዳ ሰው ይጎዳል። ክላሽ ሲተኮስ በቀለሁ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ወደ 3,500 አትሞስፌር ይጠጋል። ከጎማው ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ ከተኳሹ ጉንጭ በጥቂት ጣት ርቀት ላይ ነው። ፋብሪካው ጥይቷን ሲሠራ የባሩዱን ዓይነትና መጠን፣ የአረሯን ክብደት፣ የቀለሁን ውፍረት የሚለካው ይህ ግፊት ጠመንጃው ከሚችለው በላይ እንዳይወጣ ነው። ከአራቱ አንዱ ከተለወጠ ሒሳቡ በሙሉ ይለወጣል።

አሁን ወደ ቀለሁ እንምጣ። ቀለህ የባሩድ መያዣ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ትልቁ ሥራው ሌላ ነው። ሲተኮስ በግፊቱ ይለጠጥና ከጠመንጃው የውስጥ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። በዚህም ጋዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊታችን እንዳይመጣ ይዘጋል። ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ መልሶ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ በቀላሉ ይወጣል። ይህን መለጠጥና መመለስ አሳምሮ የሚችለው ናስ ነው፣ ለቀለህ የሚሆነው ናስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። ናስ ራሱ ግን በተለጠጠ ቁጥር እየጠነከረና ተሰባሪ እየሆነ ይሄዳል። አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ከቂጡ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል የሚጀምር ስንጥቅ ነው፣ ከውጭ አይታይም። እንዲህ ያለ ቀለህ ሲተኮስ ለሁለት ይቆረጣል። ጋዙም ወደ ኋላ ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ፣ እኛ አገር በጣም አስፈላጊ የሆነ። የክላሽ ቀለህ አብዛኛው ናስ አይደለም። ብረት ነው። ላዩን መዳብ ይቀባል ወይም አረንጓዴና ቡናማ ቀለም የመሰለ ቫርኒሽ ይለብሳል። ማግኔት አስጠጉበት፣ ይዞት ይነሳል። ብረት እንደ ናስ አይለጠጥም፣ አይመለስምም። የተሠራው አንዴ ተተኩሶ እንዲጣል ነው። ተኩሱ ቅቡን ይፍቀዋል፣ ከዚያ በኋላ እርጥበት ሲያገኘው በውስጥም በውጭም ይዝጋል። የክረምት ዝናብ ያየው ቀለህ ከላይ ቢወለወልም ውስጡ ተበልቷል።

ስለ ቆቧ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ታሪኩ ከእኛው አገር ጋር ይገናኛል።

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አጋማሽ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት አሠራር አወጡ። አንዱ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር ነው፣ ሌላው አሜሪካዊው ሃይረም በርዳን። በቦክሰር አሠራር ከቆቧ ስር ወደ ባሩዱ የሚወስደው ቀዳዳ አንድ ነው፣ መሃል ላይ። ቅመሙ የሚመታበት ትንሽ ማረፊያም ቆቧ ውስጥ አለ። በበርዳን አሠራር ማረፊያው የቀለሁ አካል ነው፣ ቀዳዳዎቹም ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ናቸው። የሚገርመው የእንግሊዛዊው አሠራር አሜሪካ ውስጥ ተስፋፋ፣ የአሜሪካዊው ደግሞ አውሮፓንና በኋላም ሶቪየት ኅብረትን ያዘ። አሜሪካኖቹ ቤታቸው መሙላት የቀለላቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ባለ አንድ ቀዳዳው ቀለህ የተተኮሰች ቆብን ለማስወጣት ይመቻል። እኛ ዘንድ የሚገኘው የወታደር ጥይት በአብዛኛው የበርዳን ነው። ያንን በምስማርና በመዶሻ የሚታገል ሰው ማረፊያውን ያጣምመዋል፣ ወይም ቀለሁን ይበሳዋል። ቆቧ ያልተተኮሰች ከሆነች ደግሞ እዚያው እጁ ላይ ትፈነዳለች። ትንሽ መሆኗ አያታልላችሁ፣ ከውስጧ የሚወጣ ስባሪ ዓይን ለማጥፋት ይበቃል።

የቦክሰር ጥይት ወደ አገራችን የገባችው በመልካም አጋጣሚ አልነበረም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከመቅደላ ወርዶ አሮጌ በተባለው ሜዳ ከናፒየር ጦር ጋር ገጠመ። የቴዎድሮስ ሰዎች አብዛኞቹ በአፈሙዝ በኩል የሚጎርስ ጠመንጃ ነው የያዙት። ባሩድ ያፈስሳሉ፣ አረር ይጥላሉ፣ በዘንግ ይጠቀጥቃሉ፣ ከዚያ ቆብ ወይም ክብሪት ይፈልጋሉ፣ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል። እንግሊዞቹ የያዙት ስናድር ነው፣ የኋላ ጎራሽ፣ የምትጎርሰውም የቦክሰርን ሙሉ ጥይት። አንዱ ወገን በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲተኩስ ሌላው ወደ አሥር ይደርስ ነበር። የቋራው ሰው መድፍ ለማሠራት ጋፋት ላይ ያን ያህል ደክሞ፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ አስጎትቶ፣ በመጨረሻ ከበለጡት ነገሮች አንዱ ይህች አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ነበረች። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ጀግንነት አልጎደለም። የጎደለው በልክ የተሠራች ጥይት ነበረች።

ከዚያ በኋላ ስናድሩም፣ ውጅግራውም፣ ምንሽሩም፣ ሌላውም ገባ። ጥይት ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ የምትመነዘርበት ዘመንም ነበር። እንግዲህ ቀለህ ለቅሞ ማስቀመጥ ከዚያ የወረስነው ልማድ ነው ብዬ አስባለሁ። በዚያን ጊዜ ቀለህ መሙላት ትርጉም ነበረው፣ ምክንያቱም ባሩዱ ሌላ ነበር።

ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። ጥቁር ባሩድ የምንለው የድሮው፣ የጨው ጴጥሮስ፣ የከሰልና የድኝ ቅልቅል ነው። ይጨሳል፣ አፈሙዙን ያጠቁራል፣ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጋዝ ሳይሆን ጥላሸትና አመድ ሆኖ ይቀራል። በዚህ የተነሳ የሚፈጥረው ግፊት ዝቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ጭስ አልባውን ባሩድ አወጣ። ፈረንሳይም ከሁለት ዓመት በኋላ በዚሁ ባሩድ የሚሠራውን ለበል ጠመንጃ ይዛ ብቅ አለች። ጭስ አልባው የሚሠራው ከጥጥ መሰል ነገርና ከአሲድ ነው፣ ሲነድ ሁሉም ማለት ይቻላል ጋዝ ይሆናል። አንድ መጥፎ ጠባይ ደግሞ አለው፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የሚነድበት ፍጥነት ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ እንደገና ይጨምራል። ልኩ ትንሽ ካለፈ የሚያቆመው የለም።

ጭስ አልባ ባሩድ አንድ ዓይነት ደግሞ አይደለም። ለሽጉጥ የሚሆነው ቶሎ ይነዳል፣ ለረጅም ጠመንጃ የሚሆነው ይዘገያል። ሁለቱም ግራጫ ፍሬ ናቸው፣ በዓይን አይለዩም። ከአንዱ ጥይት ወጥቶ ወደ ሌላው የገባ ባሩድ በስፍር ያው፣ በግፊት ግን እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአያት ውጅግራ ያላችሁ ሰዎች በተለይ ስሙኝ፦ ያ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው። የዛሬ ባሩድ ከገባበት ጎራሹ ሊፈነዳ ይችላል። ክብሩ እዚያው ግድግዳው ላይ ይሁን።

አሜሪካኖቹ ታዲያ እንዴት ያደርጉታል? ባሩዱን ከነስሙ ታሽጎ ከፋብሪካ ይገዛሉ። ባሩድ ሠሪው ኩባንያ ለየትኛው አረር፣ ለየትኛው ቀለህ ምን ያህል እንደሚበቃ በላቦራቶሪ ግፊቱን ለክቶ ሠንጠረዥ ያወጣል። ሚዛናቸው “ግሬን” የሚባለውን ይለካል፣ አንዱ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ ነው። ቀለሁ ናስ ነው፣ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ይመዘግባሉ፣ ሲደክም ይጥሉታል። ይህን ሁሉ አድርገውም ጠመንጃ የሚፈነዳባቸው አሉ። እኛ ጋ ባሩዱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ሠንጠረዥ የለም፣ ሚዛኑ የወርቅ ሚዛን እንኳ ቢሆን ምን ያህል እንደሚመዘን የሚነግረው የለም። “ቀላል መሣሪያ” የሚለው ቃል የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ከጀርባው ያለው ልኬት ግን የፋብሪካ ልኬት ነው።

አንዳንዱ “ታዲያ በጥቂቱ እሞላዋለሁ፣ ደካማ ጥይት ምን ታደርጋለች?” ይላል። ሁለት መልስ አለኝ።

የመጀመሪያው የጀምስ ብሩስ ነው። ይህ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲኖር የሻማ ቁራጭ ጠመንጃ ውስጥ ከትቶ ጋሻዎችን እንደበሳ ራሱ ተርኳል። አገሩ ሲመለስ ሰው ውሸታም ብሎት ነበር፣ ነገሩ ግን ይሆናል። ለስላሳ ነገርም ፍጥነት ካገኘ ይበሳል። ስለዚህ “ደካማ” ብላችሁ በሰው አቅጣጫ አትጫወቱ።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ባሩዱ ሲያንስ አረሯ አፈሙዙ ድረስ ሳትደርስ መንገድ ላይ ትቀራለች። ተኳሹ ዝግ ያለ ድምፅ ይሰማል፣ “ከሸፈች” ብሎ ሌላ ያጎርሳል። ሁለተኛዋ አረር ከመጀመሪያዋ ጋር ስትጋጭ መውጫ የለም፣ ብረቱ ያብጣል ወይም ይቀደዳል። ድምፁ ካነሰባችሁ ወይም ሲረግጥ ከላላባችሁ እዚያው አቁሙ። ጥይቱን አውጡ፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ውስጡን የሚያውቅ ሰው ይየው። ምላጭ ስባችሁ ምንም ካልተሰማ ደግሞ አፈሙዙን ከሰው አዙራችሁ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ ቆቧ ዘግይታ ልትቀጣጠል ትችላለች። ወዲያው ከፍቶ የሚያይ ሰው ፊቱን እያቀረበላት ነው።

ሌላው ምክንያት “ለሰርግ ብቻ ነው፣ ወደ ሰማይ ነው የምተኩሰው” የሚለው ነው። ለለቅሶም ይባላል። ፉከራውን አውቃለሁ፣ ስሜቱንም አውቃለሁ። ግን የተሞላች ጥይት ሰርግ መሆኑን አታውቅም፣ የምትፈነዳው ተኳሹ ፊት ላይ ነው፣ አጠገቡ ደግሞ ሚዜዎቹና ልጆቹ ቆመዋል። ደህና ብትተኮስም ወደ ሰማይ የሄደች አረር ትመለሳለች። ቀጥ ብላ ከወጣች ስትወርድ ፍጥነቷ በሴኮንድ ወደ 90 ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ የሰው ቆዳ ለመብሳት ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ዘመም ብሎ የተተኮሰው የባሰ ነው፣ ፍጥነቱን ይዞ ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል። ጎንደር በተራራ የተከበበች፣ ቤቱ በቆርቆሮ የተከደነ ከተማ ናት። ቆርቆሮ ጥይት አያስቆምም። ማራኪ ሰፈር የተተኮሰው የት ሰፈር እንደሚወድቅ ማን ያውቃል?

እርሳስ ማቅለጥም የዚሁ ሥራ አካል ተደርጎ ይታያል። የወጥ ድስት ላይ ባትሪ ሰብሮ እርሳስ የሚያቀልጥ ሰው ቤተሰቡን እየመረዘ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ጢሱና ብናኙ ግን ግድግዳ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ የሕፃን እጅ ላይ ይቀራል። የልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። ያ ድስት ደግሞ ዳግም ወጥ ሊሠራበት አይገባም።

ያረጀች ጥይትን በፀሐይ ወይም በምድጃ ዳር ማድረቅም አይሆንም። ሙቀት ባሩዱን ያበላሸዋል፣ ጠባዩን ይለውጠዋል። እሳት ውስጥ የገባች ጥይት ከአፈሙዝ እንደወጣችው አትበርም፣ ቀለሁና ቆቧ ግን ተበጣጥሰው ይረጫሉ። አረንጓዴ ዝገት ያወጣች፣ የጎበጠች፣ አረሯ የላላች ጥይት ቀኗ አልፏል።

ሕጉም ግልጽ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያም ጥይትም ያለ ፈቃድ አይያዝም፣ ያለ ፈቃድ አይሠራም። ቤት ውስጥ ጥይት ሲሞላ የተያዘ ሰው “ለራሴ ነው” ቢል አይጠቅመውም።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሳያውቅ የሚገዛው ሰው ነው። የተሞላ ጥይት ከደህናው ጋር ተቀላቅሎ ሲሸጥ እንዴት ይለያል? ቀለሁን በጣታችሁ አዟዙሩት። የፋብሪካው ወጥ ነው፤ የተሞላው አንገቱ ላይ የጉጠት ወይም የመዶሻ ጭረት ይኖረዋል። ቂጡን እዩት። የፋብሪካው ቆብ ለስላሳና እኩል ናት፣ ብዙ ጊዜ ዙሪያዋ በቀለም ታሽጓል፤ የተሞላው ላይ የድሮው ምት ጠባሳ፣ ወጣ ወይም ገባ ያለች ቆብ፣ የተፋቀ ጠርዝ ታያላችሁ። ብዙ ጥይት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቁሙ፣ ከፍታቸው ካልተካከለ ወይም አረሯ ካዘመመች ጥርጣሬ ይግባችሁ። በሁለት ጣት ስትይዟት አረሯ ከዞረች አለቀ። ዋጋው ከገበያው በጣም ከረከሰም ጠይቁ። ከተጠራጠራችሁ አታጉርሷት። አፍርሳችሁ አትዩ፣ እሳት ውስጥ አትጣሉ፣ ሽንት ቤትም አትክተቱ፤ ልጅ ከማይደርስበት ለብቻ አስቀምጡና ለፖሊስ አስረክቡ። ሜዳ ላይ የተገኘች ጥይት ወይም ሌላ የማታውቁት ብረት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት፣ ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ ልጆቹን አርቁና ለፖሊስ ተናገሩ።